የጨርቁ በር

ያንን ሳምንት ልብስ ሰፊዋ የሰው በር ስታይ ሰነበተች። ማየት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ደጁ ላይ ትቆምና በሩን በእጇ ትገፋዋለች፤ ማጠፊያውን ትዳስሳለች፤ ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትር ዘርግታ ስፋቱን ትለካለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ምን ያህል ክፍተት እንዳለው ታያለች። አንድ ቀን እንዲህ ጎንበስ እንዳለች በሩ ከውስጥ ተከፈተና ፎጣ ያገለደመ ሰውዬ ብቅ አለ።

«ማንን ፈልገሽ ነው?»

«ማንንም። በሩን ነው።»

«በሩን ምን?»

«የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ?»

ሰውዬው መጀመሪያ ፎጣውን ጠበቅ አደረገ። ቀጥሎ ግን፣ ስለ በሩ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ፣ ፊቱ በራ። ሁለቱንም ተከፋች ወለል አድርጎ ከፈተላት፤ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። መቀርቀሪያውን እንዴት እንዳሠራው፣ ዝናብ እንዳያዝገው ምን እንደቀባው አንድ በአንድ አስረዳት። ሚስቱ ከውስጥ ውሃው ቀዘቀዘ እያለች ብትጣራም ሰሚ አላገኘችም።

ሴትዮዋ እንዲህ የሆነችው ወዳ አይደለም። ባሏ ሹፌር ነው፤ ከተጋቡ ጀምሮ የሰው የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል። ከመንገድ ተመልሶ እዚሁ ከተማ ሲገባ እንኳ መኪናውን ጥሎ ማደር አይችልም። ዓይን ከላዩ ሲነቀል ጎማ የሚነቅል፣ ባትሪ ፈትቶ የሚሰወር ሞልቷል። ስለዚህ ቤቱ መጥቶ ገላውን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ከእናቱ ጋር ይጫወታል፤ መሸት ሲል ተነስቶ ከተማው ጫፍ ወዳለው የመኪና ማቆሚያ ይመለስና ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ ያድራል። የሰፈር ሴቶች ይህን አይተው «ጣውንትሽ ደህና ናት?» ይሏታል። አብራቸው ትስቃለች። ሳቁ ግን ቤቷ እስክትደርስ እንኳ አይቆያትም።

አሁን የራሳቸውን መኪና ገዙ። ያገለገለች ናት፤ ትሁን። የእሱ መሪና የእሷ መርፌ ስንት ዓመት ለፍተው ያመጧት ናት። ቅዳሜ ከሌላ ከተማ ይዟት ይመጣል። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ከሰው በቀር የማታስገባዋን አሮጌ በር ነቅለው አጥሩን በትልቁ ከፍተውታል። የቀረው መኪና የሚያስገባ በር መምረጥ ብቻ ነው። በሩ ተገጥሞ መኪናዋ ግቢ ካደረች ባሏም ቤቱ ያድራል። የዚያ ሁሉ ሩጫ ምክንያት ይኸው ነበር፤ ባሌ ቤቱ ይደር።

በሩን የሚሠራላት በያጅ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚያወራው። ደጁ ላይ የተደገፉት በሮች ለሰፈር ሁሉ የሚበቁ ይመስላሉ።

«የሚንሸራተት ልሥራልሽ፣ እህቴ?» አላት።

«በየት በኩል ይንሸራተታል? በአንዱ ጎን የስፌት ክፍሌ አለ፣ በሌላው የጎረቤት ግንብ።»

«እንግዲያው በማጠፊያ የሚከፈት ነዋ። ባለ ሁለት ተከፋች። ላሜራ ለብሶ ድፍን ይሁን? ወይስ ብረቱ ብቻ ተደርድሮ ክፍት?»

«እሱን ከአማቴ ጋር ገና እየተጨቃጨቅንበት ነው።»

«ስፋቱስ?»

«ስፋቱን ለብሳው ሳላይ አልነግርህም።»

«ማን ለብሳው?»

«መኪናዋ።»

በያጁ የሚበየድ ነገር ሳይኖር መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«ስሚኝ» አለ መልሶ ሲሰቅለው፣ «ያንቺ ጨርቅ ቢጠብ ትለቂዋለሽ፣ ቢሰፋ ታጠብቢዋለሽ። ብረት አንዴ ከተቆረጠ ግን ተቆረጠ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩህ? እኮ ለዚህ ነው!»

ቅዳሜ ሥራ እስኪዘጋ ልኩን እንድታመጣለት ተስማሙ። ካላመጣች የሌላ ሰው ሥራ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ተራዋ መቼ እንደሚደርስ እሱም አያውቅ። እሷ ግን ይህን የሰማችው በግማሽ ጆሮዋ ነው። አንድ ሐሳብ መጥቶላት እግሯ መሬት አልነካ ብሎ ወደ ቤቷ እየበረረች ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አንድ የማትለቀው ደንብ አላት። ውድ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት በርካሽ አቡጀዲ መሞከሪያ ትሰፋለች። ደንበኛዋን ታለብሳትና «ቁጭ በይበት፤ እጅሽን አንሺ፤ እስቲ ጎንበስ በይ» ትላታለች። ቆሞ ያማረ ልብስ ሲቀመጡበት ሲተረተር ስንቴ አይታለች! ታዲያ ለቀሚስ ይህን ያህል የተጨነቀች ሴት ለባሏ መግቢያ እንዴት በግምት ትዘዝ? በሩን በአቡጀዲ ልትሰፋው ነው።

አማትዋ ነገሩ ሲነገራቸው በሩ ከምን እንደሚሰፋ ግድም አልሰጣቸው። የእሳቸው ጭንቅ ሌላ ነበር።

«ድፍን ይሁን ብያለሁ፣ ድፍን ነው» አሉ። «አላፊ አግዳሚው ምን እንደምንበላ ሊቆጥርልን ነው?»

«እማማ፣ ድፍን ከሆነ እኮ ማን እንደመጣም አናይም።»

«ማንኳኳት የሚባል ነገር አለ።»

እሷም ከእሳቸው ጋር እልህ መጋባት እንደማያዋጣ ታውቃለች። አንዱን ተከፋች ድፍን፣ ሌላውን ክፍት አድርጌ እሰፋዋለሁና ያኔ እናያለን ብላ ነገሩን አበረደችው። ከዚያ ባሏ ጋ ደወለች።

«ትከሻዋ ስንት ነው?»

«የማን?»

«የመኪናዋ ነዋ!»

ሳቁ እስኪያልቅለት ጠበቀችው። ሲወርድ፣ ሲዞር፣ ሜትሩን ሲጎትት ይሰማታል። «ስፖኪዮዎቹን ጨምረህ!» ትላለች ከዚህ። «ጨመርኩ፣ ሜትሬ» ይላል ከዚያ፤ እሱ ሜትር ብሎ ነው የሚጠራት። ስፋቷን፣ ከፍታዋን፣ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ርዝመቷን ነገራት። ወዲያው ወጥታ ግቢውን ለካች። መኪናዋ ገብታ ከኋላዋ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ይተርፋል። ልቧ ቅቤ ጠጣ። ስህተቷ ያለው እዚሁ ላይ ነበር፤ በደስታ ዓይን ሲታይ ግን ምን ስህተት ይታያል!

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስትሰፋ ዋለች። ከቀጫጭን እንጨት ሁለት ሰፋፊ አራት ማዕዘን አስመታች፤ አንዱን በድፍን አቡጀዲ አለበሰችው፤ ሌላውን ከላይ እስከ ታች እየሸነተረች እንደተደረደረ ብረት አስመሰለችው። ሁለቱንም በገመድ ከመግቢያው ግራና ቀኝ ቋሚዎች ጋር አሰረቻቸው። ተከፋቾቹ መሀል ላይ ሲገናኙ መዝጊያ ያስፈልጋቸዋልና ከቆርቆሮ ጣሳዋ ውስጥ ትልቁን የካፖርት ቁልፍ መርጣ ተከለችበት፤ ማስገቢያውንም በደንብ ዘመዘመችው። ሥራ ከሆነ አይቀር ሥራ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጸጉር አስተካካይ ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውን ትቶ መጣ።

«ይህ በር ሲቆሽሽ በእጅ ነው የሚታጠበው፣ በማሽን?»

«ሳትነካው ቁም፤ እጅህ ቅባት አለው» አለችው። አማትዋም ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ክላክሱ ጮኸ። ልብስ ሰፊዋ የሰው ልብስ እየጠቀመች ነበር፤ መርፌው እንደተሰካ ጥላው ወጣች። መኪናዋ መንገዱን ሞልታ ቀስ እያለች ትመጣለች፤ ሰማያዊ ናት፤ ግንባሯ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ባሏ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ጥርስ በጥርስ ሆኗል። ሰፈሩ ወጣ። አማትዋ እልል ሊሉ ቃጣቸውና «ቀስ! ቀስ! አጥሬን!» ብለው ቀየሩት።

ወርዶ እናቱን አቀፈ። ከዚያ የጨርቁን በር ዞሮ ዞሮ አየው፤ በሁለት ጣቱ የካፖርቱን ቁልፍ ፈታው፤ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

«ይህን በስልክ ብትነግሪኝ አላምንሽም ነበር።»

«ሳቅህን ኋላ ትጨርሳለህ። አስገባት!»

ጋቢናው ላይ ተመልሶ ወጣና መሪውን ይዞ ገባ። ጸጉር አስተካካዩ ከፊት ሆኖ እጁን እያወናጨፈ ይመራል፤ ደግነቱ ሹፌሩ አላየውም። በቀኝም በግራም ስፖኪዮዎቹ ቋሚዎቹን ሳይነኩ አለፉ። ትከሻው ልክ ነው! አፍንጫዋ ግድግዳው አጠገብ ሲደርስ መኪናዋ ቆመች፤ ሞተሩ ጠፋ፤ ሰፈሩ አጨበጨበ። ይህን ቀን አያለሁ ብላ አስባ የማታውቅ ሴት በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት።

«ዝጊው በይ!» አሉ አማትዋ።

ድፍኑን ተከፋች ያዘችና ጎተተችው። ግማሽ መንገድ ከመጣ በኋላ እንጨቱ የመኪናዋ ጭራ ላይ ገጭ ብሎ ቆመ። ገፋችው፤ አቡጀዲው ጎበጠ እንጂ አላለፈም። ሌላውን ሞከረች፤ እሱም ያው። ሁለቱ ተከፋቾች መኪናዋን ከግራና ከቀኝ ተደግፈው ቀሩ።

ኩም አለች። መኪናዋ የምትቆምበትን ለክታለች፤ በሩ ሲዞር የሚሄድበትን ግን አልለካችም። ስንቷን ደንበኛ ቁጭ በይበት ስትል የኖረች ሴት፣ በሩን ቆሞ እንዳየችው ቆርጣዋለች። ቀሚሱ ትከሻ ላይ ልክክ ብሎ ደረት ላይ አልዘጋ አለ።

«ወደ ውጭ ይከፈት!» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«አዎ፣ ደጅህ ላይ የምትላጨውን ሰውዬ ከነወንበሩ ይዞት ይሂድ!» አሉ አማትዋ። እውነታቸውን ነው፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሰው እየተሻሸ ነው የሚያልፍበት።

ያን ጊዜ ባሏ «ግድ የለም» አለ። «እዚያው ማቆሚያው አሳድራታለሁ።»

ቶሎ አለው። በጣም ቶሎ። ልብስ ሰፊዋ ሰው ግድ የለም ሲል የሚሰማት ጆሮ አላት፤ የደንበኛ ግድ የለም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በዚህኛው ውስጥ እፎይታ ሰማች። ክንዱን ያዘችና ወደ መኪናዋ ወሰደችው፤ በሩን ከፍታ ጋቢናው ላይ ወጣች፤ እሱም በሌላው በኩል ወጣ። በሩን ዘጉት።

«ንገረኝ» አለችው። «ቤትህ ማደር አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ።»

«እና?»

መሪውን ያዘው፤ የሚሄድበት ያለ ይመስል። «ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ በመጨረሻ። «ያኔ አሞኝ የሰነበትኩ ጊዜ፣ ተኝቷል ብለሽ በጣትሽ ቆመሽ ስትሄጂ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር እንጂ አልተኛሁም። ጭር ይላል። ጣሪያ ሳይ ነው የማድረው። ማቆሚያው ላይ ሁልጊዜ አንዱ ሞተር ያሞቃል፣ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፤ እዚያ ጭልጥ ነው የምለው። አንቺ በሩን ብለሽ እንዲህ ስትሯሯጪ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? በር አሠርተሽልኝ እንደ ጉጉት ቁጭ ብዬ ሳነጋ ብታይኝ በምን ዓይኔ አይሻለሁ?»

አንጀቷን በላው። ደግሞም በአንድ ጊዜ ተናደደች።

«አንተ ሰው! ተኛ መች አልኩህ? ቤትህ ሁን ነው ያልኩህ! እንቅልፍ እንቢ ካለህ ቀስቅሰኝ፤ ቁጭ ብለን እናወራለን። ስንት ዓመት ሙሉ ያላወራነው አለ። እኔም እኮ ባዶ አልጋ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል ያለህ የለም!»

ይህን ከአፏ አውጥታው አታውቅም ነበር። እሱ ዞር ብሎ አያትና «እንግዲያው አድራለሁ» አለ። «ጣሪያውንም አብረን እናየዋለን። በሩ ነው የቸገረን።»

በሩ ነው የቸገረን! ችግሩ የሁለታቸው ሆነ። እሷ ይህን ስትሰማ በደስታ ከጋቢናው የወረደችበትን አታስታውሰውም። መኪናው ጭራ ላይ የተንጠለጠለውን አቡጀዲ መሀሉ ላይ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አደረገችው፤ ሰፊ ልብስ ደንበኛዋ ወገብ ላይ እንደምትይዘው። ጨርቁ ወደ እሷ ታጠፈ። ቆንጥጣ እንደያዘችው ቆመች። ከዚያ ጮኸች።

«ይታጠፍ! መሀሉ ላይ ይታጠፍ!»

«ምኑ?» አለ ሰፈሩ።

«መጋዝ አምጡልኝ!»

የእንጨቱን ፍሬም መሀል ለመሀል አስቆረጠችና የተቆረጠበትን በገመድ አያያዘችው። እዚያው ቆማ አቡጀዲውን በመርፌ ያዝ ያዝ አደረገችው። ባሏ እንጨቱን ይዞላታል፤ አማትዋ ክር ይመዙላታል፤ ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አበድሯት ደንበኛውን ጭራሽ ረስቶታል። እያንዳንዱ ተከፋች ሁለት ሆነ። አሁን ስትጎትተው መሀሉ ላይ ተጣጥፎ፣ በመኪናዋ ጭራና በደጁ መካከል በተረፈችው ቦታ ሹልክ ብሎ መጣና ተዘረጋ። ሌላውም መጣ። ባሏ የካፖርቱን ቁልፍ አስገባው።

ተዘጋ!

ያን ጊዜ የነበረውን ጫጫታ የሰማ ሰው ሠርግ አለ ነው የሚለው። ጸጉር አስተካካዩ ከውጭ «ኳ ኳ» እያለ በአፉ ያንኳኳል። ሹፌሩ ሚስቱን ከመሬት አንስቶ አሽከረከራት፤ «መርፌው! እጄ ላይ መርፌ አለ!» ብትለው አልሰማም፤ ሲወጋው ሰማ።

ሰው ሲበተን አማትዋ ወንበር አውጥተው ከበሩ ውስጥ ተቀመጡ፤ የጨርቅ በር ያለ ጠባቂ አይሆንም ብለው። የተቀመጡት በድፍኑ በኩል ነበር። ውጭ አንድ ሰው ሲስቅ ተሰማ። አንገታቸውን አሰገጉ። አንዲት ሴት ስለ አንድ ሰው ቤት ጉድ እያወራች አለፈች፤ የማን ቤት እንደሆነ ሳይለዩት ራቀች። ትንሽ ቆይተው ወንበሩን ወደ ሽንትሩ በኩል አዞሩት።

«ክፍት ይሁን» አሉ ምራታቸው ስታያቸው። «ለነፋሱ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጥላው የወጣችው ልብስ ለማታ ቀጠሮ የተያዘለት ነው፤ ወደ ስፌት ክፍሏ ገብታ ማሽኗን አስነሳች። ባሏ ተከትሏት ገባና ጥግ ላይ በተቆለለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ጋደም አለ። የመንገዱን ነገር ይተርክላት ጀመር፤ መኪናዋ ዳገት ላይ እንዴት እንደወጣች፣ ቁልቁለቱ ላይ እንዴት እንደያዘችለት። እሷ እየሰፋች «እሺ» ትላለች። «አንድ ድልድይ አለ» አለ፤ «ድልድዩ ላይ ስደርስ...»

ድልድዩ ላይ ሲደርስ ምን እንደሆነ አልተሰማም። ዞር ስትል አፉ በትንሹ ተከፍቷል፤ አንድ እጁ ከጨርቁ ክምር ወርዶ ወለሉን ነክቷል። ዓይኑን የጨፈነ ሰውና የተኛ ሰው ልዩነታቸውን ዛሬ አወቀችው።

ሥራ መዝጊያው ደርሶ ልብስ ሰፊዋ አልመጣ ስትለው በያጁ ራሱ መጣ። ገና «ልኩ የታለ?» ብሎ ሳይጨርስ አማትዋ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። በያጁ የጨርቁን በር አየ፤ ከፈተው፤ ሲታጠፍ አየ፤ ዘጋው፤ የካፖርቱን ቁልፍ ሲያይ ሳቁን በሁለት እጁ አፈነው። ሜትሩን እንዳይጮህ በቀስታ እየዘረጋ ለካ። ከዚያ በስፌት ክፍሉ መስኮት አንገቱን አስገባ።

«ባለ አራት ተጣጣፊ» አለ በሹክሹክታ። «ድፍን ወይስ ክፍት?»

ማሽኑን ሳታቆም በአንድ እጇ አየር ላይ የተደረደሩ መስመሮች አሳየችው። በያጁ ራሱን ነቀነቀ፤ የተኛውን ሰውዬ አየና በጣቱ ቆሞ ሄደ።

የልብሱ የመጨረሻ ጠርዝ አለቀ። ክሩን በጠሰችው፤ ልብሱን አወጣችው፤ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ክፍሉ ጭር ሲል ባሏ ግንባሩን ቋጠረ፤ ወለሉን የነካው እጁ ተንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ቶሎ መለሰችው። ማሽኑ ተነሳ፤ የባሏም ግንባር ተፈታ።

ከመርፌው ሥር ጨርቅ የለም፤ መርፌው ላይም ክር የለም። ውጭ የልብሱ ባለቤት መጥታ አማትዋን ታናግራለች። ትጠብቅ። ልብስ ሰፊዋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ባሏን እያየች፣ ባዶውን መስፋቷን ቀጠለች።